የመመረቂያ ጽሑፍ ሕመም ከጥቁር ሰሌዳው ይጀምራል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየዓመቱ የምረቃ ሰሞን ሲደርስ አንድ ዓይነት ወቀሳ ይሰማል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ መጻፍ ያቅተዋል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ምዕራፍ ሁለት፣ ማለትም የቀደሙ ጥናቶችን ቅኝት፣ ከኢንተርኔት ገልብጦ ያመጣል። አንዳንዱም ከግቢው አጠገብ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን «ፕሮፖዛልና ቴሲስ እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ይደውላል። ወቀሳው ሐሰት የለበትም። የሚሰጠው መድኃኒት ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ግራመር ስለማያውቁ ነው፤ ግራመሩ ይጠንክር።» የዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ ክህሎት ትምህርት የምንሰጥና የመመረቂያ ጽሑፍ የምናማክር መምህራን እንደመሆናችን፣ ይህ መድኃኒት በሽታውን እንደሚያባብሰው ስለምናምን ይህን ደብዳቤ ልከናል። ተማሪው ግራመርማ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጋት ኖሯል። ያላገኘው የመጻፍ ልምምድ ነው። በጽሑፍ ፋንታ የተለማመዳቸው ነገሮች ደግሞ ልማድ ሆነው በእጁ ቀርተዋል፤ ክፍሉን ካለፈ ከዓመታት በኋላም በመመረቂያ ጽሑፉ ገጽ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን የተደነገገው እሱው ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ እንግዲህ 12 ዓመት ተምሮታል። በነዚህ ዓመታት የራሱን ሐሳብ በአንድ አንቀጽ ጽፎ፣ ሰው አንብቦለት፣ ያንኑ አንቀጽ አሻሽሎ የጻፈው ስንት ጊዜ ነው? አዲስ ገቢ ተማሪ ይህን ሲጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ «አላስታውስም» ነው።

የክፍሉን መምህር መውቀስ ቀላል ነው፤ ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራው። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለ እንበል። አንድ ገጽ ጽሑፍ በወጉ አንብቦ ለማረም 10 ደቂቃ ይፈጃል። ለአንድ ክፍል 600 ደቂቃ ወይም 10 ሰዓት ሆነ። መምህሩ አምስት ክፍል ካለው 50 ሰዓት ነው፤ ያውም ለአንድ ዙር ብቻ፣ ከማስተማሪያ ሰዓቱ ውጭ። ስለዚህ በመጽሐፉ የየምዕራፉ መጨረሻ ላይ ያለው የጽሑፍ መልመጃ «የቤት ሥራ» ተብሎ ይታለፋል። በምትኩ ለማረም የማያደክመው ይሰጣል፤ ባዶ ቦታ ሙሉ፣ ግሱን በትክክለኛ ጊዜው አስቀምጡ፣ ከሀ እስከ መ ካሉት ምረጡ።

ፈተናውም ይህንኑ ያጸናዋል። የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ የምርጫ ፈተና ነው። የጽሑፍ ችሎታ እንኳ የሚለካው የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን ትክክለኛ ቅደም ተከተል በማስመረጥ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 መግቢያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸው አገሩን አስደነገጠ። ከዚያ በኋላ ስለ ኩረጃ ብዙ ተባለ፤ ስለ ወረቀቱ ዓይነት ግን ብዙም አልተባለም። በዚያው በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ምርጫ ሆኖ መጣ። አንድ ወጣት ከ1ኛ ክፍል ተነሥቶ ዲግሪውን እስኪይዝ ድረስ፣ በአንድም አገር አቀፍ ፈተና ላይ የራሱን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ መጨረስ ይችላል ማለት ነው።

የምርጫ ፈተና የሚተወው ጠባሳ ቋንቋ ላይ ብቻ አይደለም። «ትክክለኛው መልስ አንድ ነው፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ ጽፎታል፤ የኔ ሥራ እሱን ማግኘት ነው» የሚል እምነት ያስይዛል። ይህ እምነት የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ምዕራፍ ሁለትን መክፈት ነው። ተማሪው ስለ ጥናቱ ጉዳይ ማን ከማን እንደሚለያይ ከመጻፍ ይልቅ ትርጉም ፍለጋ ይወጣል። እገሌ በዚህ ዓመት እንዲህ ብሏል፤ እገሊት በዚያ ዓመት እንዲህ ብላለች፤ ሌላውም እንዲሁ። እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተደርድረው 20 ገጽ ይሞላሉ። ክሩ ግን የለም።

መገልበጥም የዚሁ ትምህርት ውጤት ነው። ለዓመታት ጎበዝና ትጉ ተማሪ የሚባለው ሰሌዳው ላይ ያለውን ኖት አንድም ሳያስቀር ደብተሩ ላይ ያሰፈረ ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የገባው የፕላዝማ ትምህርትም ይህን አፋጠነው፤ ስክሪኑ ማንንም ስለማይጠብቅ የተጠቀመው እጁ የፈጠነ ነው። የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ዛሬ ብዙዎቹ ራሳቸው መምህራን ናቸው። እንግዲህ 12 ዓመት ሙሉ «ትጋት» ተብሎ የተመሰገነው ሥራ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ በአንድ ጀምበር «የጽሑፍ ስርቆት» ይባላል፤ በሶፍትዌር ተለክቶም ያስቀጣል። ነገሩ ከየት ወዲህ እንደተለወጠ ለልጁ የነገረው የለም። ቅጣቱ ተገቢ ነው፤ ማስተማሩ ግን ይቀድማል።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እናሳይ። ለማሳያ ብቻ ያዘጋጀነው ዓረፍተ ነገር ይኸውና፦ «ጤፍን በመስመር መዝራት በብተና ከመዝራት ያነሰ ዘር የሚጠይቅ ቢሆንም ብዙ የሰው ጉልበት ስለሚፈልግ አነስተኛ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች አሠራሩን ቶሎ አልተቀበሉትም።» ተማሪው «በራስህ ቃል ጻፈው» ሲባል የሚያመጣው እንዲህ ነው፦ «ጤፍን በረድፍ መዝራት በብተና ከመዝራት የቀነሰ ዘር የሚፈልግ ቢሆንም ብዙ የሰው ኃይል ስለሚጠይቅ ትንሽ መሬት ያላቸው አርሶ አደሮች ዘዴውን ፈጥነው አልተቀበሉትም።» ዐሥር ቦታ ላይ ቃል ተለውጧል፤ አጥንቱ ግን ያው ነው። በእንግሊዝኛ ሲሠራው ደግሞ ከመዝገበ ቃላት የሚያነሣው ተመሳሳይ ቃል ብዙውን ጊዜ ቦታውን ስለማይመጥን ትርጉሙም ይበላሻል። ይህን የሚያደርገው ለማታለል አይደለም። ምንጩን ፊቱ ዘርግቶ ስለሚጽፍ ዓይኑ ከዓረፍተ ነገሩ አይላቀቅም፤ የተማረው የአጻጻፍ መንገድም ይኸው ነው፤ ዓይን ሰሌዳ ላይ፣ እጅ ደብተር ላይ።

ማላቀቂያው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ተማሪው አንቀጹን ሁለት ጊዜ ያንብብና ወረቀቱን በጀርባው ያዙር። የገባውን አጠገቡ ላለ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለአንድ ደቂቃ ይናገር፤ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ችግር የለውም። መናገር ካቃተው አልገባውምና ተመልሶ ያንብብ። ከተናገረ በኋላ ከስምንት ቃል ያልበለጠ ማስታወሻ ይያዝ፦ «መስመር፦ ዘር ቀነሰ፣ ጉልበት በዛ፣ ትንሽ ማሳ፣ ዘገየ»። ከዚያ ምንጩን ሳያይ ከማስታወሻው ብቻ ይጻፍ። እንዲህ ያለ ነገር ይወጣዋል፦ «የመስመር አዘራር ዘር ይቆጥባል፤ ጉልበት ግን ያበዛል። ማሳው ትንሽ የሆነ ገበሬ ያመነታው በዚህ ምክንያት ነው።» በመጨረሻ ምንጩን ከፍቶ ያስተያይ፤ አራት ቃል በተከታታይ ከገጠመ ወይ በጥቅስ ምልክት ያስገባው፣ ወይ እንደገና ይጻፈው፤ በሁለቱም መንገድ የምንጩን ስም ይጥቀስ። በማስታወሻው ላይ ቆም ያለ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገርም ይታየዋል፦ ጉልበቱ የቤተሰብ ነው ወይስ የቀን ሠራተኛ? መልሱ ከወረዳ ወረዳ ይለያይ ይሆን? የጥናት ክፍተት የሚባለው የሚወለደው ከእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

ክፍተት ካነሣን አይቀር፣ በየፕሮፖዛሉ የምናነበው ክፍተት «በዚህ ርዕስ በዚህ ወረዳ ጥናት አልተደረገም» የሚል ነው። ይህ ክፍተት አይደለም፤ ያልተጠና ወረዳ ሁልጊዜ ይኖራል። ተማሪው እዚህ ላይ የሚቆመው «የችግሩ ገለጻ» የሚለው ንዑስ ርዕስ በቅጹ ላይ ስላለ ብቻ ሞልቶት ስለሚያልፍ ነው። ጆን ስዌልስ የተባሉት የቋንቋ ምሁር በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ሥራ የምርምር ጽሑፍ መግቢያ በአብዛኛው በሦስት እርምጃ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ጸሐፊው መጀመሪያ መስኩን ያስተዋውቃል፤ ቀጥሎ በመስኩ ውስጥ ያልተዘጋውን ቀዳዳ ያሳያል፤ ከዚያ ቀዳዳውን የራሱ ጥናት እንዴት እንደሚሞላው ይናገራል። የኛ ተማሪ የመጀመሪያውን እርምጃ በአሥር ገጽ ይራመዳል፤ ሁለተኛውን በአንድ መስመር ይዘለዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት የጆርናል መጣጥፎችን ይዘው ሁለተኛው፣ «ግን» የሚለው እርምጃ የቱ ጋ እንደሚጀምር በእርሳስ ያሰመሩ ተማሪዎች፣ ሙሉ ሴሚስተር ስለ ፕሮፖዛል ሌክቸር ከሰሙት ይልቅ ነገሩን ይጨብጡታል።

ቅጽ መሙላቱ ከየት መጣ ቢባል፣ እሱም ከትምህርት ቤቱ አንቀጽ ነው። ኃይለ ቃል አንድ፣ ደጋፊ ዝርዝር ሦስት፣ ማጠቃለያ አንድ፤ መጋጠሚያው «ፈርስት፣ ሰከንድ፣ ፋይናሊ»። ለ9ኛ ክፍል ጥሩ ምርኩዝ ነው። ችግሩ ምርኩዙን ጣል የሚል መምህር በመንገዱ አለመገኘቱ ነው። በጥናት ውጤት ምዕራፍ ላይ ይኸው አንቀጽ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦ «ከሠንጠረዥ 4 እንደምንመለከተው 63 (52.5 ከመቶ) የሚሆኑት ተስማምተዋል፣ 57 (47.5 ከመቶ) የሚሆኑት አልተስማሙም። ስለዚህ አብዛኞቹ ተስማምተዋል።» ሠንጠረዡ በቃላት ተደገመ እንጂ አልተተነተነም። ከ120 ሰው በስድስት ሰው ልዩነት «አብዛኞቹ» ማለት ይቻላል ወይ? ያልተስማሙት እነማን ናቸው? አንቀጹ ኃይለ ቃል፣ ዝርዝርና ማጠቃለያ ስላለው ተማሪው ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል።

የቋንቋ ስሕተቱስ? አለ፤ ምንጩም ይታወቃል። «ምንም እንኳ… ነገር ግን» በአማርኛ ጥንድ ሆኖ ስለሚሄድ በእንግሊዝኛው «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «በት» ይጨምራል። «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» ስለሚል «ዲስከስ አባውት» ይጽፋል። «እንዲያውም»ን በ«ኢቨን» እየተካ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። ከሁሉም የሚከፋው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «…ሲሆን፣ …በመሆኑም፣ …እንደመሆኑ መጠን» እያሉ አምስት መስመር መጓዝ ይቻላል፤ አንባቢው ማሰሪያው እንደሚመጣ ያውቃልና ይጠብቃል። ባለቤቱም በግሱ ውስጥ ስላለ ለብቻው ባይጠራ አይጎድልም። ይህ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ባለቤት የሌለው፣ ማሰሪያው የጠፋ ሰንሰለት ይሆናል። ስለዚህ ተማሪዎች ዕቅዱን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያውጡ እንላለን፤ ማሰብ የሚቀልለው በዚያ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ግን አይተርጉሙ። ከዕቅዱ ወደ እንግሊዝኛው ሲሻገሩ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ለአንድ ሐሳብ አንድ ማሰሪያ፣ ከ20 ቃል ያልበለጠ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ማጋጠም በሁለተኛው ረቂቅ ይመጣል።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ግን ከመጠን በላይ አንፍራው። ብዙ ያነበበ ሰው ላይ እየሳሳ ይሄዳል፤ የቀረውንም ጥሩ አራሚ በአንድ ሳምንት ያጠራዋል። ሐሳብ የሌለውን ምዕራፍ ግን አራሚ አያድነውም። ጂም ከሚንስ የተባሉት የሁለት ቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ እንዳስረዱት፣ በሁለተኛ ቋንቋ መግባባት በሁለት ዓመት ገደማ ሲመጣ የትምህርት ቋንቋው ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። ያ ግምት ከመጣባቸው አገሮች ልጆች በተለየ፣ የኛ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እንግሊዝኛው ከጎረቤትም ከገበያም አይጠብቀውም። ቋንቋው ያለው መጽሐፍ ላይ ነው። ሳያነቡ ጻፉ ማለት ስለዚህ ከባዶ ማሰሮ ቅዳ እንደማለት ነው።

ቀዩ እስክሪብቶም ራሱን የቻለ ጠባሳ አለው። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ጆን ትረስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 የሰዋስው ስሕተትን በተማሪ ጽሑፍ ላይ ማረም አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል ብለው ሲጽፉ፣ ሌላዋ ተመራማሪ ዴና ፌሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 መልስ ሰጥተው ተመርጦና ግልጽ ሆኖ የተሰጠ እርማት ይጠቅማል ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ለዓመታት ቀጥሏል። እኛ በዚህ በኩል ወደ ፌሪስ እናደላለን፤ ትረስኮት ያነሡት ጉዳት ግን በኛ ክፍሎች በግልጽ ይታያል። 40 ቦታ ቀይ የተቀባ ወረቀት የተመለሰለት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ጽሑፉን ያሳጥራል፤ የሚያውቃቸውን ቀላል ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ይጽፋል። ስሕተቱ ይቀንሳል፤ መምህሩም ተሻሻለ ይላል። ልጁ ግን መሞከር ትቷል። ይህ ፍርሃት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ሰውየውን የራሱን ቃል ትቶ ወደ ተገለበጠ፣ «ስሕተት ወደሌለበት» ጽሑፍ ይገፋዋል።

በሁለተኛ ቋንቋ ድርሰት መድረስን ማስተማር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በግእዝ አፉን የፈታ ተማሪ የለም፤ የቅኔ ቤት ተማሪ ግን በግእዝ ቅኔ ይደርሳል። ግሱንና አገባቡን ጨርሶ እስኪያውቅ አይጠበቅም። ከዚያው ጎን ለጎን ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ያላትን የቅኔ ዓይነት፣ ጉባኤ ቃናን፣ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ እዚያው ያቃናለታል፤ ከዚያም አዲስ ይዞ ይመለሳል። የሰውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። የአገራችን ትምህርት ሽምደዳ የወረሰው ከቤተ ክህነት ነው እያሉ የሚጽፉ ሰዎች ንባብ ቤቱንና ዜማ ቤቱን አይተው ቅኔ ቤቱን የዘነጉ ይመስለናል። አጭር ሥራ፣ በየጊዜው፣ የራስ የሆነ፣ ወዲያው የሚታረም፣ ቀስ በቀስ የሚረዝም፤ ለእንግሊዝኛ ክፍላችን የጎደለው ይኸው ነው።

60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ከላይ ያሰላነውን ሒሳብ እንለውጠው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 15 ደቂቃ ለጽሑፍ ትሰጥ። ሁሉም ከ80 እስከ 100 ቃል ይጽፋሉ። መምህሩ የሚሰበስበው በተራ የ15ቱን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ ቢሰጥ ለአንድ ክፍል አንድ ሰዓት፣ ለአምስት ክፍል በሳምንት አምስት ሰዓት ይፈጃል። እያንዳንዱ ተማሪ በአራት ሳምንት አንዴ ይነበባል፤ የማስተማሪያው ጊዜ 32 ሳምንት ከሆነ በዓመት ስምንት ጊዜ ማለት ነው። አራት ደቂቃ የሚበቃው ግን ሁሉን ለማረም ካልተሞከረ ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት የሚታዩት ሁለት ነገሮች አስቀድመው ይነገሩ፤ ስሕተቱን መምህሩ አያቃናው፤ ኅዳጉ ላይ ምልክት ብቻ ያኑር። «ባ» ባለቤት የለውም፣ «ጊ» የግሱን ጊዜ እየው፣ «ለ» ለምን? ምክንያቱ የታለ? ማቃናቱ የተማሪው ሥራ ነው። ውጤቱም ከ10 ከተያዘ ሦስቱ ለመጀመሪያው፣ ሰባቱ ለተሻሻለው ይሁን። ሙሉው ውጤት በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ከተሰጠ ተማሪው ቁጥሩን አይቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል፤ ድጋሚ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም።

ወረቀታቸው ያልተሰበሰበው 45ቱስ? እርስ በርስ ይነባበቡ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው፤ «አስተያየት ስጥ» ሲባል ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላል። ጥያቄው ስለሚሰፋ ነው። «የጓደኛህን ዋና ሐሳብ የያዘችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር አስምርባት» ቢባል ይሻላል። ጓደኛው ሌላ ቦታ ካሰመረ ጸሐፊው ያለ ክርክር ሐሳቡ እንዳልታየ ይረዳል። ውይይቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ቢሆን የሚጎዳ ነገር የለም። የአንድ ለአምስት አደረጃጀት የነበረባቸው ክፍሎች ይህን ቢሞክሩት ኖሮ ጎበዙ ሠርቶ ሌሎቹ ከሚገለብጡበት ልማድ ይድኑ ነበር።

ቃላትን በተመለከተ አጭር ነገር እንበል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአቬሪል ኮክስሄድ የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች፣ ማለትም ከአንድ ሥር የሚረቡ የቃላት ስብስቦች፣ አሉት፤ በአካዳሚክ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ቃላት አሥር ከመቶ ገደማውን ይሸፍናል። ጠቃሚ ነው። በዝርዝር ተባዝቶ «ሸምድዱ» ከተባለ ግን ያው የድሮው በሽታ ነው። በሳምንት ዐሥር ቃል፣ እያንዳንዱ ተማሪው ከሚማረው የሙያ መጽሐፍ ውስጥ ተፈልጎ፣ የተገኘበት ዓረፍተ ነገር ተጽፎ፣ ከዚያ በራሱ ዓረፍተ ነገር ቢሠራበት፣ በሁለት የትምህርት ዓመት ገደማ ይጠናቀቃል።

ለአማካሪዎችም የምንለው አለን፤ እኛንም ይጨምራል። ሙሉውን ጽሑፍ ግንቦት ላይ ተቀብሎ ማረሚያ ምልክት የሚያዥጎደጉድ አማካሪ ራሱ ይደክማል እንጂ ተማሪውን አያስተምርም። በኮምፒውተር የተሠራውን እርማት ተማሪው በአንዲት ጠቅታ «ሁሉንም ተቀበል» ብሎ ያልፈዋል፤ ምን እንደተለወጠ እንኳ አያነብም። ከዚህ ይልቅ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ያለ ምንም ማጣቀሻ ይጠየቅ፦ ጥያቄህ ምንድን ነው፣ መልሱ የማይታወቀው ለምንድን ነው፣ ምን ብታገኝ ትገረማለህ? የመጀመሪያው ረቂቅ ሲመጣ ቋንቋው አይነካ፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጻፍበት። ነገ የሚቆረጥ አንቀጽ ላይ ሰዋስው ማረም የጊዜ ብክነት ነው፤ ከዚያም በላይ ተማሪው የታረመ አንቀጽ መቁረጥ ስለሚሳሳ ደካማውን ሐሳብ ተሸክሞት ይሄዳል። በሁለተኛው ረቂቅ አደረጃጀቱ ይታይ። ቋንቋው በሦስተኛው ላይ ይድረስ፤ እሱም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች በአማካሪው፣ የቀሩት በዚያው አርአያ በተማሪው እጅ።

ዛሬ ደግሞ ቻትጂፒቲ አለ። የጠራ እንግሊዝኛ በደቂቃ ስለሚያወጣ ችግሩ የተፈታ የመሰላቸው አሉ። ቀድሞ ከመጽሐፍ ሲገለብጥ የነበረ ተማሪ አሁን ከማሽኑ ይገለብጣል፤ ዶቃው አማረ፤ ክሩ አሁንም የለም። የራሱን ረቂቅ ጽፎ «ይህ አንቀጽ ምን የሚል ይመስልሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ተማሪ ግን ይጠቀምበታል፤ ለዚህም መጀመሪያ ረቂቅ መጻፍ መልመድ አለበት። አማካሪው ጥርጣሬ ካለው ሶፍትዌር ብቻ አይመን፤ ማስታወሻውንና የመጀመሪያ ረቂቁን ይጠይቅ፤ አንድ አንቀጽም በቃል ያስረዳው።

በመጨረሻ ፈተናውን ለሚያዘጋጁት። የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ አንድ የእጅ ጽሑፍ አንቀጽ፣ ከ100 እስከ 120 ቃል፣ ይጨመር። «የተፈታኙ ብዛት አይፈቅድም» የሚለውን መልስ ስለምንጠብቅ እሱንም አስልተነዋል። ተፈታኙ ወደ 900 ሺህ ነው እንበል። አንዱን አንቀጽ በተዘጋጀ መመዘኛ ለማረም አምስት ደቂቃ ቢፈጅ 75 ሺህ ሰዓት ይመጣል። አንድ ሺህ መምህራን በቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ቢሠሩ በአሥር ቀን ይጨርሱታል። ለፍትሕ ሲባል እያንዳንዱ ወረቀት በሁለት አንባቢ ይታይ ቢባል ሁለት ሺህ መምህራን ያስፈልጋሉ፤ ውጤታቸው የሚራራቀው ወረቀት ብቻ ወደ ሦስተኛ አንባቢ ይሂድ። መመዘኛው በአራት ነጥብ ይወሰን፦ ሐሳቡ ለጥያቄው ይመልሳል ወይ፣ ምክንያት ወይም ምሳሌ አለው ወይ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ተያይዘዋል ወይ፣ ቋንቋው ሳያደናግር ይነበባል ወይ። ለቋንቋው የሚሰጠው ነጥብ ከሩብ አይብለጥ። አንቀጹ ከጠቅላላው ፈተና 15 ከመቶ እንኳ ቢይዝ፣ በየመጽሐፉ ምዕራፍ መጨረሻ የሚታለፈው ያ የጽሑፍ መልመጃ በሚቀጥለው መስከረም በየክፍሉ ይከፈታል። አርመው የተመለሱት ሁለት ሺህ መምህራንም በአሥር ቀን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተማሪ አንቀጾችን አንብበዋልና፣ ክፍላቸው ሲገቡ ከምን መጀመር እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ክህሎት የሚያስተምሩና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክሩ መምህራን